ውሃው የሚለያይበት ጠርዝ፦ አራት ቀን በብስክሌት በሰሜን ሸዋ

በብስክሌት ራቅ አድርገው መጓዝ የሚወዱ የአዲስ አበባ ጓደኞቼ የዕረፍት ቀን ሲያገኙ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀኑት ወደ ቢሾፍቱ ነው። ሆራንና ባቦጋያን ዞረው፣ ከሐይቁ ዳር አረፍ ብለው፣ ዓሣ በልተው ማታ ይመለሳሉ። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ወደ ሰሜን ሸዋ በብስክሌት ልሄድ መሆኔን ስነግራቸው አንደኛው «ሐይቅ በሌለበት አገር ምኑን ልትዞር ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ጥያቄው ለጊዜው መልስ አሳጣኝ። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ቢሆንም ስለ አገሬ ውሃ አውቅ የነበረው በሬሳ ወንዝ ክረምት ሲገባ እንደሚሞላና በጋ ሲወጣ ልብስ እንደሚታጠብበት ብቻ ነበር። መልሱን ያገኘሁት በኋላ፣ በእግሬ ነው ማለት እችላለሁ።

አብሮኝ የሄደው የእህቴ ልጅ ነው። ዕድሜው ሃያ አልሞላም፤ ጉልበቱ የእኔ እጥፍ፣ ትዕግሥቱ ደግሞ የእኔ ግማሽ ነው። የእኔ ብስክሌት አሮጌ ቢሆንም ለዳገት የተዘጋጀ ነው፤ የፊቱ ትንሽ ማርሽ 28፣ የኋላው ትልቅ ማርሽ 34 ጥርስ ስላለው እግሬ አንድ ዙር ሲያዞር ጎማው አንድ ዙር እንኳ አይሞላም፤ ይዘገያል እንጂ አይቆምም። እሱ የያዘው ከአንድ አከራይ ለሳምንት የተከራየነውን ነው። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ማርሹም ደኅና ነው፤ የፍሬኑን ላስቲክ ግን ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አላየነውም፤ ይህ ስንፍና በመጨረሻው ቀን ዋጋ አስከፍሎናል። ጭነታችን ለእያንዳንዳችን 11 ኪሎ ገደማ ነበር፦ ጋቢ፣ የዝናብ ልብስ፣ መለዋወጫ የውስጥ ጎማ፣ ማስቲሽ፣ መንፊያና ሁለት ኪሎ በሶ። በሶውን ያስቋጠረችን እህቴ ናት። ለብስክሌተኛ ተብሎ በውጭ አገር የሚሠራ ምግብ እንዳለ አውቃለሁ፤ ነገር ግን በውሃና በማር የተበጠበጠ የገብስ በሶ ዳገት መካከል ጉልበት ሲከዳ የሚያደርገውን ያየ ሰው ሌላ የሚመኝ አይመስለኝም።

ብስክሌቶቹን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭነን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ርቃ ወደምትገኘው ደብረ ብርሃን ከገባን በኋላ በማግስቱ ጠዋት ጉዟችንን ጀመርን። «ለጥቅምት አንድ አጥንት» ብሎ የተረተ ሰው ደብረ ብርሃንን ሳያውቃት አልቀረም። ከተማዋ 2,840 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ በዚህ ወር ሌሊቱ ጥርት ሲል ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል፤ ፀሐይ ወጥታ እስክታቀልጠው ድረስ ሜዳው ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከተማዋን የቆረቆሩት ከሰማይ የወረደ ብርሃን በታየበት ሥፍራ ነው ይባላል፤ ስሟም የመጣው ከዚያ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ጣቶቼ የፍሬኑን እጀታ መጨበጥ አቅቷቸው ሳለ ግን እኔ ስለ ብርሃኑ ሳይሆን ስለ እሳቱ ነበር የማስበው።

ወደ አንኮበር የሚወስደው መንገድ 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ በመኪና ተመላልሼበታለሁ፤ በመኪና መስኮት ለሚያይ ሰው አገሩ ሜዳ ነው። በድንጋይ የታጠሩ የገብስና የባቄላ ማሳዎች፣ በድንጋይ የተሠሩ ቤቶች፣ በየደጁ ተከምሮ የሚደርቅ ኩበት፣ የባሕር ዛፍ ቁጥቋጦ፣ እንደገና ገብስ። በብስክሌት ላይ ግን ያ ሜዳ ሜዳ አይደለም። ዓይን የማያየውን ዘንበል ያለ መሬት ጉልበት ያነበዋል፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳልወጣ የወጣሁ፣ ሳልቸኩል ያለከለክሁ መሰለኝ። ከፍታው 3,000 ሜትር ሲያልፍ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ወደ 70 ከመቶ ዝቅ ይላል፤ ውሃም እዚያ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። የደጋ እናቶች ባቄላ ሲቀቅሉ ቀኑን ሙሉ እሳት የሚያነዱት ለዚህ ነው፤ እኔም በየሁለት ኪሎ ሜትሩ ለመተንፈስ የምቆመው ለዚሁ ነበር ብዬ ለእህቴ ልጅ አስረዳሁት። ዕድሜም ድርሻ ሊኖረው እንደሚችል እሱ በትሕትና አስታወሰኝ።

ውሃውን መጀመሪያ ያስተዋለውም እሱ ነው። አንድ ትንሽ ድልድይ ላይ ቆመን በሶ ስንበጠብጥ ወደ ታች እየተመለከተ «ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ የተሻገርነው ጅረት ሁሉ እኛ ወደመጣንበት ነው የሚሄደው» አለኝ። እውነቱን ነው። አንኮበር ያለው በምሥራቅ ነው፤ ከአንኮበር ወዲያ ደግሞ አገሩ ወደ ቆላው እንደሚወርድ ሁሉም ያውቃል፤ ውሃው ግን ጀርባውን ለቆላው ሰጥቶ ወደ ምዕራብ ይፈሳል። እነዚህ ጅረቶች በሬሳን የመሳሰሉ ወንዞች ውስጥ እየገቡ ወደ ጀማ፣ ከጀማም ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። ከእኛ በስተምሥራቅ አሥርና አሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ብቻ የቀረው ገደል ቅርብ ሆኖ ሳለ ውሃው የሚመርጠው ያንን ረጅም መንገድ ነው። ምክንያቱም ደጋው በሙሉ ልክ እንደ ጣሪያ ክዳን ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ነው፤ የጣሪያው ጫፍ ያለው ገደሉ አፍ ላይ ነው። እኛ ጠዋቱን ሙሉ ስንወጣ የነበረው ያንን ክዳን መሆኑ ነው።

ጫፉ ላይ የደረስነው እኩለ ቀን አልፎ ነው። ይህን ሥፍራ አይቶ የማያውቅ ሰው ሊገምተው የሚከብደው ነገር ድንገተኛነቱ ነው። መሬቱ ቀስ በቀስ አይወርድም፤ ያልቃል። ከእግር በታች ጉም፣ ከጉሙ ሥር እርከን የተሠራባቸው ኮረብቶች፣ ከኮረብቶቹ ወዲያ እስከ አፋር ድረስ የሚዘረጋ አመዳማ ቆላ ይታያል። ደጋውን የሠራው ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ጀምሮ ንጣፍ በንጣፍ እየፈሰሰ የረጋ የእሳተ ገሞራ ዓለት ነው፤ በኋላ ስምጥ ሸለቆው ሲከፈት የምሥራቁ ወገን እየተሰነጠቀ ወረደ፤ የምዕራቡ ወገን ከነከፍታው ቀረ። የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ከእነዚህ የዓለት ንጣፎች አንዱን በኋላ በምናልፍበት በጣርማ በር ተራራ ስም ነው የሚጠሩት። ነገሥታቱ ግን ጂኦሎጂ ሳይማሩ የቦታውን ጥቅም ተረድተውት ነበር። አንኮበር ማለት የአንኮ በር ማለት እንደሆነ ይነገራል፤ አንኮም በዚያ አካባቢ የገዛች የኦሮሞ ንግሥት ነበረች ይባላል። ከባሕር ዳርቻ በአፋር በረሃ አድርጎ የሚመጣ ነጋዴ ወደ ሸዋ ደጋ ሊወጣ የሚችለው በጥቂት በሮች ብቻ ስለነበር ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. የነገሡት ሣህለ ሥላሴ ከዚህ ከፍታ ላይ ሆነው ገቢና ወጪውን ይቆጣጠሩ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት መቀመጫቸው እዚሁ ነበር።

አዳራችን አንኮበር ውስጥ ባለችው በጎረቤላ ከተማ ሆነ። ማምሻውን ቤተ መንግሥቱ ወደነበረበት ጉብታ በእግራችን ወጥተን ገደሉን ስንመለከት አንዲት ግራጫማ፣ ድንቢጥ የምታክል ወፍ ከዓለቱ ቀዳዳ እየወጣች ስትገባ አየን። የወፍ ሊቅ አይደለሁምና ዝነኛዋ የአንኮበር ወፍ እሷ ናት ብዬ አልምልም፤ በዓለም የወፍ ጥናት በአንኮበር ስም የምትጠራው ዝርያ ግን መጀመሪያ የተገኘችው በዚሁ ገደል፣ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ነገሥታት ለዘመናት በኖሩበት፣ የአውሮፓ መልእክተኞች በተመላለሱበት ቦታ ላይ አንዲት ወፍ ያን ያህል ዘመን ስም ሳይሰጣት መኖሯ ይገርመኛል።

ስለ ሁለተኛው ቀን ብዙ የምለው የለኝም። በመጣንበት ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስን። ቁልቁለቱ ይረዳናል ብለን ስንጠብቅ ከሰዓት በኋላ አቅጣጫውን የቀየረ ነፋስ ከፊት መጥቶ ያገኘነውን ሁሉ ቀማን። ሁለት ጊዜ የእረኛ ውሾች አባረሩን። ለእንዲህ ያለው ችግር ያለኝ ምክር አንድ ብቻ ነው፦ አትሩጡ። ውሻ የሚያባርረው የሚሸሸውን ነው፤ ከብስክሌቱ ወርዳችሁ ብስክሌቱን በእናንተና በእሱ መካከል አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ከተራመዳችሁ፣ እረኛውም «ተው!» እስኪለው ድረስ ከታገሣችሁ፣ ነገሩ ያበቃል። የእህቴ ልጅ ይህን ከመስማቱ በፊት ሮጦ ነበርና የሱሪው ጠርዝ ተቀዷል።

በሦስተኛው ቀን በደሴ መንገድ ወደ ሰሜን ወጣን። ዋናው መንገድ እንደ አንኮበሩ ጸጥ ያለ አይደለም፤ አጣና የጫኑ የጭነት መኪኖች፣ ሲኖትራኮችና ቅጥቅጦች በጠርዙ የሚሄደውን ሰው ከነመኖሩም አይቆጥሩትም። ጉዶ በረት ላይ ሻይ ጠጥተን ጥቂት እንደሄድን ወደ ቀኝ በሚገነጠል የገጠር መንገድ ገባን፤ ሐሳባችን የወፍ ዋሻን ደን ከላይ፣ ከገደሉ አፍ ላይ ሆነን ማየትና ሳይመሽ ተመልሰን ጣርማ በርን አልፈን ደብረ ሲና ማደር ነበር። ይህን ዕቅድ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዕቅዱ ኮረንኮንቹን፣ የእሾህ አጥሩንና ጉሙን ከሒሳብ አላስገባም። ሦስት ኪሎ ሜትር ሳንሄድ የእኔ የኋላ ጎማ እሾህ ወጋው፤ እሱን ለጥፈን ስንጨርስ የፊቱ ተነፈሰ።

ደኑ ግን ይህን ሁሉ ያስረሳል። ከላይ ያለው ሜዳ በአስታና በጅብራ የተሸፈነ ነው፤ ጅብራው በየቦታው ነጠላ ለብሶ እንደቆመ ሰው በጉም ውስጥ ብቅ ይልና ያስደነግጣል። ብስክሌቶቹን እየገፋን በእግር መንገዱ ጥቂት ስንወርድ ጽድ ተጀመረ፤ ግንዱ ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፈው፣ ከቅርንጫፉ ሽበት የመሰለ ነገር የተንጠለጠለበት ጽድ። ከጽዱ መካከል ቅርፊቱ እየተላጠ የሚረግፍ ቀይ ግንድ ያለው ኮሶ ቆሟል። እናቶቻችን በየሁለት ወሩ አፍንጫችንን ይዘው ያጠጡን የነበረው የዚህ ዛፍ አበባ ነው፤ ዛፉን ሙሉ ቁመናውን ያየሁት ግን በዚያን ቀን ነው። ወይራና ዝግባ ደግሞ ከዚያ በታች ናቸው። አንድ ጊዜ ጉሬዛዎች ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲዘሉ ነጭ ጅራታቸው ብቻ ታየን። ከገደሉ በላይ ጭላዳዎች ሣር እየነጩ ተቀምጠው ነበር፤ ሲመሽ ሌሊቱን ከነብርና ከጅብ ርቀው የሚያድሩት ገደሉ ላይ ነው። ሁሉም ነገር ያንጠባጥብ ነበር። ዝናብ አልዘነበም፤ ከቆላው የሚወጣው ሞቃት አየር ገደሉን ተደግፎ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል፤ ጉሙ በየቅጠሉ ላይ ይረጋና ይንጠባጠባል፤ ጠብታውም መሬት ገብቶ ከታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ ገደል በላይ ያለው ደጋ ኩበት የሚነድበት ደረቅ አገር ሆኖ ሳለ ገደሉ ላይ ይህ ሁሉ ደን የቆመበት ምክንያት ይኸው ነው።

ደኑን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ አስጠብቀውት ነበር ይባላል፤ ለመናገሻ ደን የተዘራው የጽድ ዘርም ከዚህ እንደተወሰደ ይተረካል። መንገድ ላይ ያገኘነው የደን ጠባቂ ይህን ታሪክ ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል። «ጋሼ፣ ንጉሥ የተከለውን እኛ በአንድ መጥረቢያ እንጨርሰዋለን» አለኝ፤ ቀጥሎም ለአጥርና ለቤት ምሰሶ ምስጥ የማይበላው ጽድ የሚያስፈልገው ገበሬ ሌሊት መጥቶ ቢቆርጥ አንድ ጠባቂ በስንቱ ሸለቆ እንደሚደርስ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ከጣርማ በር ወደ ሰሜን በሚገነጠለው መንገድ መንዝ ገብቶ የጓሳን የሣር ምድር ያየ ሰው ግን አንድ ነገር ያስባል። ጓሳን ለዘመናት ያቆየው ተቀጥሮ የሚጠብቅ ሰው ሳይሆን የአገሩ ሰው ራሱ ያወጣው የቄሮ ሥርዓት ነበር፤ በአባ ቄራው አመራር ሣሩ ለሦስትም ለአምስትም ዓመት ይዘጋና ለክዳንና ለገመድ ሲደርስ ሁሉም በአንድ ቀን ገብቶ ያጭዳል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ቢፈርስም ነዋሪው እንደገና ተደራጅቶ ዛሬም ይጠብቀዋል፤ ቀይ ቀበሮም እዚያ አለ። በእኔ ግምት የወፍ ዋሻ ዕድልም የሚወሰነው በጠባቂ ብዛት ሳይሆን የጽዱ ጥቅም ለዳገቱ ገበሬ በሚደርስበት መንገድ ነው።

ከደኑ ወደ ላይ ስንመለስ ጉሙ ዋጠን። የእግር መንገዱ ከፊት ጎማዬ ወዲያ አይታይም ነበር፤ ሰዓቱም አሥራ አንድ አልፏል። በውሻ ጩኸት አቅጣጫ እየተመራን አንድ የድንጋይ ቤት ደጃፍ ላይ ደረስን። አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ወጡ።

«እንደምን አመሹ አባባ፤ የመሸብን መንገደኞች ነን፤ ያሳድሩን» አልኳቸው።

«ቤቱ የእግዚአብሔር ነው፤ ግቡ» አሉና ብስክሌቶቹን በባትሪ አብርተው ዙሪያቸውን ተመለከቷቸው። «በቅሎ ቢሆኑ ገብስ አቀርብላቸው ነበር። እነዚህ ምን ይበላሉ?»

«እኛኑ ነው የሚበሉት አባባ» አላቸው የእህቴ ልጅ።

ሽማግሌው ረጅም ሳቅ ሳቁ። ባለቤታቸው እንቢ ብንላቸውም ውሃ አሙቀው እግራችንን አጠቡን፤ የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ቀጥሎም ለእኔ አንድ መለኪያ አረቄ ቀረበልኝ፤ ለእህቴ ልጅ «አንተ ገና ነህ፤ ወተት ጠጣ» ተባለ። የተኛነው በምድጃው አጠገብ በቆዳ ላይ ሲሆን የለበስነው ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና ነበር። ከባድ ነው፣ ይኮሰኩሳል፤ ብርዱ ግን አልፎት አይገባም።

ጠዋት ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ሽማግሌው ከጓሮ ወደ ደጅ እያመላለሱ አገሩን ሲያሳዩኝ በእጃቸው ሁለት ምንጭ አመለከቱኝ። «ይኼኛው ወደ ቆላ ነው የሚወርደው፤ ያኛው ወደ ደጋ ይሄዳል። ሲመነጩ ጎረቤት ናቸው፤ ከዚያ ወዲያ አይተዋወቁም» አሉኝ። ሁለቱን ምንጮች የሚለያቸው አንድ የባቄላ ማሳ ብቻ ነው። የደጃፉ ውሃ በጀማ በኩል ዓባይ ገብቶ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። የጓሮው ደግሞ ገደሉን ወርዶ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል፤ አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ በአፋር በረሃ ተጉዞ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ጓደኛዬ የለም ያለው ሐይቅ ያለው እንግዲህ እዚያ ነው። ሰሜን ሸዋ ሐይቅ የለውም፤ የሐይቁ ምንጭ ግን ጓሮው ውስጥ ነው። ይህን ወዲያው በስልክ ጽፌ ልልክለት አስቤ ኔትወርክ አጣሁ፤ ተመልሼ ስነግረውም «ታዲያ ዓሣው የት አለ?» አለኝ።

በአራተኛው ቀን ጣርማ በር ደረስን። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን በያዘበት ዘመን ተራራውን በስቶ ያወጣው ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር አለፍ ይላል። ለመኪና ተሳፋሪ ጥቂት ሰኮንድ የሚቆይ ጨለማ ነው፤ ለብስክሌተኛ ግን ከጉዞው ሁሉ ከባዱ ክፍል እሱ ነው። ጣሪያው ያፈሳል፣ አስፋልቱ ያዳልጣል፣ የመኪና ጭስ መውጫ አጥቶ እዚያው ይንከባለላል፤ ከኋላ የሚመጣ የጭነት መኪና ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተጋጨ ስለሚያስተጋባ አሥር ሜትር ይቅረብ አንድ ኪሎ ሜትር ይራቅ መለየት አይቻልም። ጋብ እስኪል አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አፉ ላይ ቆመን ጠበቅን፤ ከዚያም ቀዩን የኋላ መብራት አብርተን፣ የእህቴን ልጅ ከፊት አስቀድሜ ገባን። መሃል ላይ ስደርስ ከራሴ በላይ ያለው ተራራ ዓባይንና አዋሽን የሚለየው ያው ጠርዝ መሆኑ ትዝ አለኝ። በዓባይ በኩል ገብተን በአዋሽ በኩል ልንወጣ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ በላዩ የወጣሁትን የወረድኩትን ጣሪያ አሁን በሥሩ እያለፍኩ ነበር። ከወዲያኛው አፍ ስንወጣ ነፋሱም፣ ሽታውም፣ ሙቀቱም ሌላ ነው።

ከዚያ ወዲያ እስከ ደብረ ሲና ከ400 ሜትር በላይ ቁልቁለት በጠመዝማዛ መንገድ አለ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግላል፤ መያዝና መልቀቅ፣ የፊቱንና የኋላውን ማፈራረቅ፣ ከመጠምዘዣ በፊት እንጂ መጠምዘዣው ላይ አለመያዝ ይገባል። ይህን ለእህቴ ልጅ ከላይ ቆሜ በሰፊው አስተማርኩት፤ እሱም እንዳስተማርኩት አደረገ። ነገር ግን ሦስተኛው መጠምዘዣ ላይ ከብስክሌቱ ብረት ከብረት የሚፋጭ ድምፅ ወጣ። ገደል ከገባ በኋላ ያየነው ቢሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩት፤ ደግነቱ በግራ በኩል ወደ ዳገት የሚወጣ የእግር መንገድ ነበርና ወደዚያ ገብቶ ቆመ። የፍሬኑ ላስቲክ ከመነሻውም ቀጭን የነበረ ሲሆን አልቆ የያዘው ብረት ብቻ ቀርቷል። ቸርኬውን ስነካው ጣቴን አቃጠለኝ። አከራዩን ከመውቀሴ በፊት ራሴን ወቀስኩ፤ ብስክሌት ሲከራዩ መጀመሪያ የሚታየው ፍሬን መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝና። የእኔን ለእሱ ሰጥቼ የእሱን እየገፋሁ የቀረውን በእግሬ ወረድኩ። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። በመኪናም በብስክሌትም ያላየሁትን አንድ ነገር ግን አሳየኝ፦ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር ከዓለቱ ሥር ውሃ ይወጣል፤ በአንዳንዱ ቦታ ሴቶች እንስራ ይሞላሉ፣ በአንዳንዱ ሾፌሮች መኪናቸውን ያጥባሉ። ውሃው ሁሉ ወደ ምሥራቅ ነበር የሚሄደው።

ደብረ ሲና ላይ አንድ ጎሚስታ ከአሮጌ የመኪና ጎማ በቢላ ቆርጦ አራት የፍሬን ላስቲክ ሠራልን። ከፋብሪካው ያምራል አልልም፤ ይይዛል። ቆሎ ሻጮቹ መኪና በቆመ ቁጥር ሰፌዳቸውን እየያዙ ይሮጣሉ፤ አንዲት እናት እኛን ሲያዩ ግን ቀስ ብለው መጡና «ልጆቼ፣ ከየት ነው እንዲህ የጠወለጋችሁት?» ብለው ገብስና ሽምብራ የተቀላቀለበት ቆሎ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን፤ ከገዛነው በላይ ደግሞ «ለመንገድ» ብለው ጨመሩልን።

ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ አውቶቡስ ስናገኝ ረዳቱ ጣሪያው ላይ ቆሞ በግ እየጫነ ነበር። ብስክሌቶቹን አየና እኛን አየ።

«ለሳይክል ታሪፍ የለኝም» አለ።

«ታዲያ ስንት እንክፈል?»

ጥቂት አሰበ። «በበግ ሒሳብ ይሁን። የሁለት በግ ክፈሉ።»

የሁለት በግ ከፍለን ብስክሌቶቹ ከስድስት በግ ጋር በገመድ ታስረው ጣርማ በርን በድጋሚ ወጡ።